ለአዲስ ስልክ የትኛው ከቨር ይሻላል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ዓምዳችንን ሙሉ በሙሉ ለስልክ ከቨር ሰጥተነዋል። ከአገር ውስጥም ከውጭም የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ ተቀራራቢዎቹን በአንድ መልስ አጠቃለናል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ15 ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓይነት ከቨር አሳዩኝ፦ ለስላሳ ውስጡን የሚያሳይ፣ ደረቅ ፕላስቲክ፣ እና ወፍራም ጥቁር «ሾክ ፕሩፍ» የሚባለው። ሻጩ ወፍራሙን ውሰድ ይለኛል፤ ዋጋው ግን ከለስላሳው በጣም ይበልጣል። ልዩነቱ እውነት ነው ወይስ የገበያ ወሬ?

መልስ፦ ልዩነት አለ፤ በውፍረት ግን አይለካም። ከቨር ሲመርጡ አራቱን ማዕዘኖች፣ ስክሪኑን የከበበውን ጠርዝ፣ እንዲሁም ስልኩን ጥብቅ አድርጎ መያዙን ይዩ። ሌላው ሁሉ መልክ ነው።

ስልክ ከእጅ ሲያመልጥ እየተገለባበጠ ስለሚወርድ ብዙ ጊዜ መሬት የሚመታው በአንዱ ማዕዘን ነው። የእርስዎ ስልክ 200 ግራም ይመዝናል። ያ ክብደት በሙሉ ከጣት ጥፍር በምታንስ ቦታ ላይ ሲያርፍ ፍሬሙ ለቅጽበት ይጣመማል። መስታወት ደግሞ ያን ያህል መጣመም አይችልም፤ ስለዚህ ስንጥቁ ከዚያ ጥግ ተነሥቶ ወደ መሐል ይሮጣል። ጥሩ ከቨር ማዕዘኑ ላይ የሚጨመቅ ነገር አለው። ሲጨመቅ ስልኩ ወርዶ የሚቆምበትን ጊዜ ያረዝመዋል፤ ጊዜው በረዘመ መጠን ወደ መስታወቱ የሚያልፈው ኃይል ይቀንሳል።

ደረቁ ፕላስቲክ፣ ማለትም ፖሊካርቦኔት፣ ብቻውን ይህን አይሠራም። ስለማይጨመቅ ምቱን እንዳለ ለፍሬሙ ያስተላልፋል። ከጭረት ያድናል፤ ከመውደቅ ግን እምብዛም። ጥቂት ጊዜ ከወደቀ በኋላም ራሱ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። ለስላሳው ቲፒዩ የሚባለው ቁስ ነው። ቲፒዩ ይጨመቃል፤ ዋናው ነገር ማዕዘኑ ላይ ምን ያህል እንዳለ ነው። ስሱ ከቨር ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን የሚጨመቀው ቶሎ ያልቅበታል። ማዕዘኖቹ አበጥ ያሉና በውስጣቸው ባዶ የአየር ኪስ ያላቸው ቲፒዩ ከቨሮች ከስሱ በግልጽ ይሻላሉ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋቸውም ከወፍራሙ ያንሳል። ወፍራሙ ጥቁር ከቨር ሁለት ድርብ ከሆነ፣ ውስጡ ለስላሳ ውጩ ደረቅ፣ ሥራውን ይሠራል። ገልብጠው ውስጡን በጣትዎ ይንኩት፤ ስልኩን የሚነካው ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ ያ ሁሉ ውፍረት ለዓይን ብቻ ነው።

ገንዘብ ሳይከፍሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ መፈተሽ ይችላሉ። ከቨሩን ስልኩ ላይ ያልብሱትና ማዕዘኑን በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት፤ ትንሽ ገብቶ ወዲያው መመለስ አለበት። ቀጥሎ የኤቲኤም ካርድዎን ያውጡ። የባንክ ካርድ ውፍረት በየትኛውም አገር 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ስልኩን ስክሪኑ ወደ ላይ እንዲሆን አስተኝተው ካርዱን መስታወቱ ላይ፣ ከከቨሩ ጠርዝ ጋር አስጠግተው ያስቀምጡ። ቁጥሩ ጎበጥ ብሎ የወጣበትን ጎን አይጠቀሙ። አሁን ጥፍርዎን ከካርዱ ወደ ጠርዙ ያንሸራቱ። ጥፍርዎ ጠርዙ ላይ ከተደናቀፈ ጠርዙ ከካርዱ ይበልጣል፤ ደህና ነው። ቁልቁል ከወረደ ጠርዙ አጭር ነው፤ ስልኩ በፊቱ ሲደፋ መስታወቱ ወለል ሊነካ ይችላል። ስክሪን ፕሮቴክተር የሚያስለጥፉ ከሆነ ፍተሻውን ከተለጠፈ በኋላ ይድገሙት፤ የተለመደው መስታወት 0.33 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከጠርዙ ከፍታ ላይ ቢያንስ ያንኑ ያህል ይቀንሳል።

ካሜራውንም በዚያው ካርድ ይፈትሹት። የካርዱን ቀጥ ያለ ጎን በካሜራው ቀዳዳ ላይ አጋድመው ወደ ብርሃን ያዙት፤ በካርዱና በሌንሱ መካከል ብርሃን ካለፈ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ ሌንሱ አይፈገፈግም። በመጨረሻ የከቨሩን አንድ ጥግ በአንድ ጣት ለማላቀቅ ይሞክሩ። በቀላሉ ከወጣ ሲወድቅም ይወጣል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ምት የሚቀበለው ባዶው ስልክ ነው።

በኤ15 ላይ የሚጨመር ነገር አለ። የድምፅና የማብሪያ ቁልፎቹ ያሉበት የቀኝ ጎን ከፍሬሙ ትንሽ አበጥ ብሎ ነው የተሠራው፤ የጣት አሻራ ማንበቢያውም ማብሪያው ላይ ነው። ከቨሩ እዚያ ቦታ ላይ ክፍት መሆን አለበት። ለኤ14 የተሠራ ከቨር እዚህ ጋ አይገጥምም። ጀርባው ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ የሚሰበረው የፊቱ መስታወት ስለሆነ ለጀርባ ውፍረት ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ከቨር አይሸፍንም። ከፍ ያለ ጠርዝ የሚያገለግለው ሜዳማ ወለል ላይ ነው፤ ሴራሚክ፣ ሊሾ፣ አስፋልት ላይ። ኮብልስቶን ወይም ጠጠር ላይ በፊቱ ከወደቀ የድንጋዩ ጉብታ በጠርዞቹ መካከል ገብቶ ስክሪኑን መሐሉ ላይ ይመታዋል። ሰፈሩ ኮብልስቶን የሆነ ሰው ከከቨሩ ጋር መስታወት ፕሮቴክተር ማስለጠፍ አለበት፤ ይህንን በጥብቅ እንመክራለን።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ውስጡን የሚያሳየው ከቨሬ በጥቂት ወራት ቢጫ ሆነ። በበረኪና ባጥበው ይመለሳል?

መልስ፦ አይመለስም፤ በረኪናው ራሱ ቁሱን ይጎዳዋል። ቢጫው ከውጭ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ቲፒዩው በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና በሙቀት ኃይል ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቀለሙ ከውስጥ ተለውጧል። የእጅ ላብ፣ ቅባትና ሎሽን ያፋጥኑታል፤ ስልኩን መኪና ዳሽቦርድ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ።

የሚታጠበው ላዩ ላይ ያለው ቅባትና አቧራ ነው። ከቨሩን አውልቀው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ለ15 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። የቻርጀሩንና የስፒከሩን ቀዳዳዎች በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ አለቅልቀው ጥላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። እርጥብ ሳለ ከተመለሰ ውሃው በከቨሩና በስልኩ መካከል ይታፈናል። ደረቅ ፕላስቲክ ያለበትን ከቨር ደግሞ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይንኩት፤ በውስጡ ያለው አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ያደበዝዘዋል፣ ያሰነጥቀዋልም።

የስልኩን ቀለም ማሳየት ከፈለጉ ጀርባው ፖሊካርቦኔት፣ ጎኑ ቲፒዩ የሆነውን ይግዙ። ጀርባው ለረጅም ጊዜ ጥርት ብሎ ይቆያል፤ ጎኑ ቢጫ ቢያደላም ብዙ አያስጠላም። ጎኑ ጥቁር ወይም ግራጫ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይታወቅም። ስልኩ ጀርባ ላይ ውሃ የገባ የሚመስል እድፍ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ በውስጡ በኩል ጥቃቅን ነጥቦች የታተሙበትን ከቨር ምረጡ፤ ለስላሳው ቲፒዩ መስታወቱ ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ማንኛውም ዓይነት ከቨር ይሁን፣ በሳምንት አንዴ አውልቃችሁ ውስጡን ጥረጉ። በከቨሩና በስልኩ መካከል የገባ አሸዋ ስልኩን ሲሞርደው ይውላል፤ «ከቨር ለብሶ እያለ እንዴት ተጫረ?» የሚያሰኘው ይህ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ስልክ ከነከቨሩ ልልክለት ነው። ብዙዎቹ ላይ «ሚሊታሪ ግሬድ» የሚል ተጽፏል። ይህ ዋስትና ነው?

መልስ፦ ዋስትና አይደለም፤ የሚናቅም አይደለም። የሚጠቀሰው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር «ሚል ስታንዳርድ 810» የሚባለው የፍተሻ ሰነድ ነው። ጂ የሚለው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኤች የሚለው በ2019 ወጣ። ሰነዱ ለስልክ ከቨር ተብሎ አልተጻፈም፤ ከቨር መርምሮ ማኅተም የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የለም። የሚፈትነው አምራቹ ወይም አምራቹ የከፈለው ላቦራቶሪ ነው።

አብዛኞቹ የሚጠቅሱት የመውደቅ ፍተሻ እንዲህ ነው፦ ዕቃው ከ122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ ይጣላል፤ በ6ቱ ገጾች፣ በ12ቱ ጠርዞችና በ8ቱ ማዕዘኖች። 26ቱን ውድቀት እስከ አምስት ለሚደርሱ ናሙናዎች ማከፋፈል ይፈቀዳል፤ አንዱ ከቨር ሁሉንም ላይቀበል ይችላል ማለት ነው። የሚያርፍበትም ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖልሳቶ ነው። እንጨት ከድንጋይ ይለሰልሳል። ከዚህም ሌላ ቆሞ ስልክ የሚያወራ አዋቂ ጆሮው ያለበት ከፍታ ከ122 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው።

ስለዚህ ጽሑፉን ብቻ አይመኑ። አምራቹ ከምን ያህል ከፍታ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ዓይነት ወለል ላይ እንደጣለው ከጻፈ የተሻለ እምነት ይጣልበታል። «ሚሊታሪ ግሬድ» ብሎ ዝም ያለውን እንደ ማንኛውም ከቨር ቆጥረው በካርዱና በአውራ ጣትዎ ይፈትሹት። ከመላክዎ በፊት ደግሞ ከቨሩን ስልኩ ላይ አልብሰው ይሞክሩ፤ አዲስ አበባ ደርሶ አልገጥም ካለ የመመለሻ ጊዜው ያልፋል።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ አይፎኔን ቻርጅ ሳደርግ በጣም ይግላል፤ አንዳንዴም መሙላቱን ያቆማል። ከቨሩ ወፍራም ነው። ጥፋቱ የከቨሩ ነው?

መልስ፦ ከቨሩ ሙቀቱን አያመነጭም፤ መውጫ ግን ያሳጣዋል። ስልክ ማራገቢያ ስለሌለው ሙቀቱን የሚያስወጣው በጀርባውና በጎኑ ነው። ወፍራም ጎማ፣ በተለይ ካርድ የሚይዝ የቆዳ ከቨር፣ ያንን መንገድ ይዘጋል። አፕል አይፎን መሥራት ያለበት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አየር ውስጥ እንደሆነ፣ ተዘግቶ ሲቀመጥም ከ45 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይላል። የሪያድ በጋ ጥላ ውስጥ እንኳ ይህን ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥማ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሆናል። መሙላቱን ማቆሙ ብልሽት አይደለም፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ስልኩ ራሱን እየጠበቀ ነው።

በበጋው ቻርጅ ሲያደርጉ ከቨሩን ያውልቁ። በገመድ ይሙሉ፤ ያለገመድ መሙላት የኃይሉን ክፍል ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው እዚህ አይመከርም። ፍራሽ ላይ ወይም ትራስ ሥር አያስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ወይም የሴራሚክ ወለል ይሻላል። እየተሞላ ሳለ ቪዲዮ ጥሪ አያድርጉ፤ ካሜራው፣ ስክሪኑና ኔትወርኩ አንድ ላይ ሲሠሩ ሌላ ሙቀት ይጨምራሉ። ስልኩ ሲግል ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ግን ጉዳት አለው፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ እርጥበት ውስጡ ይቋጥራል። ከቨሩን አውልቆ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ መተው ይበቃል። ለሞቃት አገር ስስ ጀርባና ወፍራም ማዕዘን ያለው ከቨር ተስማሚ ነው።

ይህችን ደግሞ ሁሉም አንባቢ ልብ ይበልልን። ለወራት በቀላሉ ይገባ የነበረ ከቨር ድንገት ጠበበኝ ካለ፣ ወይም የስክሪኑ ጠርዝ ከፍሬሙ ብድግ ብሎ ከታየ፣ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ስልኩን አይጫኑት፣ አይሙሉት፤ አጥፍተው ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ከቨር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ በስልኬ የቂብላ አቅጣጫ ስፈልግ ሌላ ቦታ ያሳየኛል። ስልኩ ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም። ክዳኑን የሚዘጋው ማግኔት ነው ያሳሳተው። በስልኩ ውስጥ ያለው ኮምፓስ የሚያነበው የመሬትን ማግኔት ነው፤ የመሬት ማግኔት ጉልበት ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ብቻ ስለሆነ ጣት የምታህል ማግኔት አጠገቡ ስትመጣ ትውጠዋለች። ስልኩን በአየር ላይ 8 ቁጥር እየሠሩ ማስተካከልም ብዙ አይረዳም፤ ክዳኑን ሲከፍቱና ሲዘጉ ማግኔቱ ቦታ ስለሚቀይር ያስተካከሉት ይፈርሳል። ቂብላ ሲያዩ ከቨሩን ያውልቁና ከብረት በርና ከመኪና ራቅ ብለው 8 ቁጥሩን ጥቂት ጊዜ ይሥሩ። ከቨሩን ልቀይር ካሉ በቁልፍ ወይም በላስቲክ የሚዘጋውን ይግዙ።

ስለዚህ ዓይነት ከቨር ካነሣን አይቀር ክዳኑ ውስጥ የሚቀመጡትን የባንክ ካርዶችም እናንሣ። ጥቁር የማግኔት መስመር ያላቸው ካርዶች ከማግኔቱ ጋር ሲውሉ መረጃቸው ሊጠፋ ይችላል፤ ቺፑ ግን አይነካም። ቁጥሩ ጎበጥ ያለ ካርድ ክዳኑ ውስጥ ሲቀመጥ ስክሪኑን ይጫነዋል፤ ክዳኑ ሥር አሸዋ ካለ ጭረቱ የባሰ ነው። ስልክ፣ ኤቲኤምና መታወቂያ በአንድ ላይ መያዝ ሌባው አንዴ ሲነጥቅ ሁሉንም ይወስዳል ማለት ስለሆነ እኛ አንመክረውም።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ መስታወት ፕሮቴክተር ካስለጠፍኩ በኋላ ከቨሩን ሳስገባ ዳር ዳሩ ይነሣል፤ አየር ይገባበታል። አሻራዬንም አልፎ አልፎ አያነብም።

መልስ፦ መስታወቱ እስከ ስክሪኑ ጫፍ የሚደርስ ነው፤ የከቨሩ ጠርዝ ደግሞ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሁለቱ ለአንዲት ቦታ ይጋፋሉ፤ ተሸናፊው መስታወቱ ነው። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ከቨሩን ያልብሱ፣ ከዚያ ሳይለጥፉ መስታወቱን ከላይ አስቀምጠው ይለኩ። በሁሉም በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ከቀረ ይሆናል። ካልቀረ ትንሽ ጠበብ ያለ መስታወት ይጠይቁ፤ ዳር ላይ ቀጭን ያልተሸፈነ መስመር ይታያል እንጂ ጥቅሙ አይቀንስም።

ሲለጥፉ ማራገቢያ ያጥፉ፣ መስኮት ይዝጉ። በእርጥቡ መጥረጊያ፣ ከዚያ በደረቁ፣ በመጨረሻ አቧራ በሚያነሣው ተለጣፊ ያጽዱ። መስታወቱን ከአንድ ጫፍ አስተካክለው ይልቀቁት፤ መሐሉን በጣትዎ ሲጫኑ ሙጫው ራሱ እየተስፋፋ ይሄዳል። ተጭነው ወደ ዳር የሚሸሽ አረፋ አየር ነው፣ ይወጣል። ቦታውን የማይለቅ ነጥብ ከሆነ ሥሩ አቧራ አለ፤ መስታወቱን ከጥግ አንሥተው አቧራውን በተለጣፊው መንቀል ብቻ ነው።

በመስታወት ፕሮቴክተር ማሸጊያ ላይ ያለው «9ኤች» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ መስታወቱ በዚያ ጥንካሬ እርሳስ አይጫርም ማለት ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ግን በሌላ መለኪያ፣ የማዕድናትን ጥንካሬ በሚለካው ሞህስ፣ 7 ስለሆነ ማንኛውንም የስልክ መስታወት ይጭራል። ስልክዎን ከቁልፍ ጋር ሳይሆን ከአሸዋ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ማስገባት ነው የሚያስፈራው።

አሻራው ስክሪኑ ሥር ከሆነ መስታወቱ ከተለጠፈ በኋላ የቀድሞውን አሻራ አጥፍተው እንደገና ያስመዝግቡ። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ በሴቲንግ፣ ዲስፕሌይ ውስጥ «ታች ሴንሲቲቪቲ» የሚለውን ያብሩ። ርካሽ የሲሊኮን መሸፈኛ ግን ለእንዲህ ዓይነት ስልክ አይለጥፉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 በጋላክሲ ኤስ10 ላይ በአንዳንድ የሲሊኮን መሸፈኛዎች ሥር ያለውን ቅርጽ ስልኩ እንደ አሻራ እየቆጠረ የሌላ ሰው ጣት ከፍቶት ነበር፤ ሳምሰንግ በሶፍትዌር ማሻሻያ ነው ያስተካከለው። በአልትራቫዮሌት መብራት የሚደርቅ ፈሳሽ ሙጫ ያለው መስታወት ደግሞ ጠርዙ ለታጠፈ ስክሪን የተሠራ ነው። ለጣይ ሰው ስፒከሩንና የቁልፎቹን ዙሪያ በፕላስተር ካልሸፈነ አያስነኩት፤ ሙጫው ገብቶ ከደረቀ አይወጣም።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ አባቴ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ተገጥሞላቸዋል። ማግኔት ያለበት ከቨር ልገዛላቸው ነበር፤ ሰው አስፈራራኝ።

መልስ፦ ያስፈራራዎት ሰው ልክ ነው። የልብ ምት መቆጣጠሪያው (ፔስሜከር) እና በኤሌክትሪክ ንዝረት ልብን የሚያስተካክለው መሣሪያ ማግኔት ሲቀርባቸው አሠራራቸውን ይቀይራሉ፤ ይህ ሐኪሞች ለምርመራ የሚጠቀሙበት ሆን ተብሎ የተሠራ ባሕርይ ነው። ፔስሜከሩ የልብን ምት ሳይከታተል በቋሚ ፍጥነት መምታት ይጀምራል፤ ሌላኛው ደግሞ ማግኔቱ እስካለ ድረስ የኤሌክትሪክ ንዝረት መስጠቱን ሊያቆም ይችላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይፎን 12 ጀምሮ ማግሴፍ የተባለውን የማግኔት ቀለበት ስልኩ ውስጥ አስገብቷል፤ ስልኩንና የማግሴፍ ዕቃዎችን ከእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ያለገመድ ሲሞሉ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዲያርቁ ይመክራል። ስልኩ ማግኔት ባይኖረው እንኳ ባለማግኔት ከቨር ያንኑ ቀለበት ይጨምርበታል። ለአባትዎ ማግኔት የሌለው ተራ ቲፒዩ ይግዙላቸው፤ ስልኩን በደረት ኪስ እንዳይይዙ፣ ሲያወሩም መሣሪያው ካለበት በተቃራኒው ጆሮ እንዲይዙት ይንገሯቸው። የመሣሪያቸውን ዓይነት የሚያውቀውን የልብ ሐኪማቸውንም ያማክሩ።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ሻጩ «ይኼም ያው ነው፣ ይገጥማል» ብሎ የሌላ ሞዴል ከቨር ሰጠኝ። አሁን ፍላሽ ሳበራ ፎቶው ጭጋግ ይሆናል፤ ሰዎችም ድምፅህ ሩቅ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ሁለቱም ችግር ከማይገጥም ከቨር ይመጣል። የካሜራው ቀዳዳ ከፍላሹ ጋር ካልተመጣጠነ ብርሃኑ ጠርዙን መትቶ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። ድምፁ የራቀው ደግሞ አንዱ ማይክ ስለተሸፈነ ነው፤ ብዙ ስልኮች ከታችም ከላይም ማይክ አላቸው፤ የላይኛው የአካባቢን ጫጫታ ለመቀነስ ነው። ለማረጋገጥ ጨለማ ክፍል ውስጥ በፍላሽ አንድ ፎቶ ከነከቨሩ፣ አንድ ያለከቨር ያንሡ፤ ድምፅዎንም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ይቅዱና ያወዳድሩ።

የሚገጥሙ አሉ፤ ለምሳሌ አይፎን 12 እና 12 ፕሮ አንድ መጠን ናቸው። አይፎን 13 እና 13 ፕሮ ግን ስፋትና ቁመታቸው ቢመሳሰልም የፕሮው ካሜራ ትልቅ ስለሆነ አይገጥምም። በሳምሰንግ፣ በቴክኖና በኢንፊኒክስ ስሞቹ በጣም ስለሚቀራረቡ በስም አይግዙ፤ በሴቲንግ መጨረሻ «አባውት ፎን» ውስጥ ያለውን የሞዴል ቁጥር አሳይተው ይግዙ። ለምሳሌ የጋላክሲ ኤ15 ባለ4ጂው ቁጥር ኤስኤም-ኤ155ኤፍ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ እናቴ ስልካቸውን የትም ይረሱታል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ከቨር ይሻላቸዋል?

መልስ፦ ይሻላቸዋል፤ ግን ማሰሪያው የት እንደተያያዘ ይዩ። ከላይ በሁለቱ ጥግ ቀለበት የተሠራበት ወፍራም ቲፒዩ ጠንካራ ነው። ማሰሪያው የሚያያዘው በከቨሩና በስልኩ መካከል ገብታ በቻርጀሩ ቀዳዳ በኩል በምትወጣ ቁራጭ ከሆነ፣ ከቨሩ ታችኛው ጎኑ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ መሆን አለበት፤ የቻርጀሩ መሰኪያም ቁራጯ ሳትወጣ መግባት መቻል አለበት። ከመስጠትዎ በፊት አልጋ ላይ አንጠልጥለው ጥቂት ጊዜ ሳብ ሳብ ያድርጉት። በቀዳዳው ዙሪያ ቲፒዩው ነጣ ካለ መቀደድ ጀምሯል፤ ሌላ ይግዙ። ገመዱ ሲጎተት የሚላቀቅ ማያያዣ ያለው ይሁን፤ ቢያዝ አንገታቸውን እንዳያንቅ። ምድጃ አጠገብ ሲሆኑ ወደ ፊት እንዳይወዛወዝ በትከሻ አግድም ያስይዟቸው፤ ርዝመቱን ከወገብ በላይ ያሳጥሩት፤ ገበያ ሲወጡ ደግሞ ከነጠላው ሥር ይሁን።